ማን ማንን ያገባል? ከሰቃ ገበያ እስከ አንቀጽ 34

እ.ኤ.አ. በ1843 ከሰቃ ተነሥቶ ወደ ካፋ ያቀና አንድ የሰርግ ጉዞ ነበር። የሊሙ እናርያው ንጉሥ አባ ባጊቦ ከካፋ ንጉሥ ቤት ሚስት አጭቷል፤ ሙሽራዋን የሚያመጡት ሰዎች የጎጀብን ወንዝ ተሻግረው የካፋ መዲና ቦንጋ መድረስ አለባቸው። በዚያው ዓመት እናርያ የገባው ፈረንሳዊ ተጓዥ አንቷን ዳባዲም ከሰርገኞቹ ጋር ሄደ። የመልክዓ ምድር ሰው ስለነበር አገሩን ለማየት እንዲህ ያለ አጋጣሚ አያመልጠውም። የሄደበት ሰርግ ግን ከሁለት ሰዎች መጋባት ይልቅ በሁለት መንግሥታት መካከል የተደረገ ውል ነበር ቢባል ይቀላል።

ሰቃ ያኔ የሊሙ እናርያ የታወቀች ገበያ ነበረች። ከጎንደርና ከጎጃም የሚነሡ ነጋዴዎች በባሶ በኩል ዓባይን ተሻግረው ይመጣሉ፤ ይዘው የሚመለሱት ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ፣ ቡናና ባሪያ ነው። አባ ባጊቦ (ይህ የፈረስ ስሙ ነው፤ መጠሪያው ኢብሳ ይባላል) እ.ኤ.አ. ከ1825 እስከ 1861 ሲገዛ የግዛቱ እስትንፋስ ይህ መንገድ ነበር። መንገዱ እንዳይዘጋበት ከጅማም፣ ከጉማም፣ ከጎማም፣ ከጌራም፣ ከካፋም ጋር መወዳጀት ነበረበት። ጦሩ ባልደረሰበት ጋብቻ ይደርስለታል፤ ስለዚህ ከአጎራባቾቹ ነገሥታት ቤት ልጅ ያመጣል፣ የራሱንም ሴቶች ልጆች ይሰጣል። ሴቲቱ ትወደው ወይ ትጥላው እንደሆነ የጠየቃት ሰው ስለመኖሩ የሚናገር መዝገብ የለም። የንጉሥ ልጅ መሆን ለጋብቻ ያበቃል እንጂ ባልን ለመምረጥ አያበቃም ነበር።

የንጉሥ ልጅ እንዲህ ከሆነች፣ በዚያው ገበያ የምትሸጠው ልጅ ምን ትሆናለች? ባሪያ ጌታው ከፈቀደለት ከአንዲት ባሪያ ጋር ጎጆ ሊያቆም ይችላል። ጌታው የሸጠ ዕለት ግን ጎጆው ይፈርሳል፤ ሽማግሌም ዳኛም ሊያቆመው አይችልም። በሊሙ እናርያ ንጉሥ እጅ በባርነት ከወደቁት መካከል ስሟ ከታሪክ ያልጠፋ አንዲት ልጅ አለች፤ አስቴር ጋኖ ትባላለች። ወደ ዐረብ አገር ልትሸጥ በጀልባ ስትጓዝ እ.ኤ.አ. በ1886 የኢጣሊያ መርከቦች ጀልባውን ያዙትና ነፃ ወጣች። ምጽዋ አጠገብ በሚገኘው የስዊድን ሚሲዮን ተማረች። ኋላም ከተርጓሚው ኦኔሲሞስ ነሲብ ጋር እየሠራች ለመጀመሪያው ሙሉ የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ የሚሆኑ በሺህ የሚቆጠሩ ቃላትን ሰበሰበች። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1899 ታተመ። ከሰቃ አገር የወጣች፣ በሕግ ፊት ሰው ያልነበረች ልጅ፣ የአንድን ሕዝብ ቃላት በወረቀት አሰፈረች።

የጅማው ዳግማዊ አባ ጅፋር ለምኒልክ ገብሮ ግዛቱን ከጦር ሲያድን፣ የሊሙ መንግሥት ግን ከጥቂት ዓመታት በኋላ አብቅቶ ወደ ምኒልክ ግዛት ተጠቃለለ። ከዚያ ወዲያ በአንድ ወረዳ ሦስት ዓይነት የጋብቻ ሕግ ጎን ለጎን ኖረ። የአገሬው ሴራ (ልማዳዊ ሕግ) ነበረ፤ ገበራ (ጥሎሽ) ቆጥሮ በሽማግሌ የሚያጋባ። ኒካህ የሚያስር ቃዲ ነበረ። ከሰሜን ለመጣው ወታደርና ሹም ደግሞ ፍትሐ ነገሥት፣ ቁርባንና ሰማንያ ነበረ። እነዚህ ሦስቱ በብዙ ነገር አይስማሙም። በአንድ ነገር ግን ተስማምተው ነበር፤ የጋብቻ ውል የሚዋዋሉት ቤተሰቦች እንጂ ሁለቱ ሰዎች አልነበሩም። ቃዲውም ቄሱም ፈቃድ ያስፈልጋል ይላሉ፤ መጽሐፎቻቸውም እንዲሁ ይላሉ። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ፈቃድ የሚጠየቀው ግን ብዙውን ጊዜ በአባቷ አፍ ነበር።

ነሐሴ 20 ቀን 1934 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ባርነትን ሲያስቀር የመጀመሪያው በር ተከፈተ። ከዚያ ቀን በኋላ የቀድሞ ባሪያ ሲያገባ የሚያፈርስበት ጌታ በሕግ የለውም። በተግባር ነገሩ እንዲህ ቶሎ አልተፈታም፤ የባሪያ ዘር ተብሎ ጋብቻ መከልከል በቡናው አገር ብዙ ዘመን ቆይቷል። ካፋ ውስጥ ማንጆዎች፣ በዙሪያው ደግሞ ሸክላ ሠሪዎችና ቆዳ ፋቂዎች ከሌላው ጋር መጋባት ቀርቶ አብረው መብላት እንኳ ተነፍገው ኖረዋል። ሕግ የከፈተውን በር ልማድ መልሶ ሲዘጋው ይህ ዐይነተኛ ምሳሌ ነው፤ ወደፊት ስንሄድ እንመለስበታለን።

በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው የንጉሠ ነገሥቱ ሕገ መንግሥት የሕግ እኩል ጥበቃን ለተገዢው ሁሉ ቃል ገባ፤ ቤተሰብንም የሕግ ልዩ ጥበቃ ሰጠው። ቃሉን በዝርዝር የሚያወጡት ግን ሌሎች መጻሕፍት ነበሩ። የ1949ኙን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ያረቀቀው ስዊዛዊው ዣን ግራቨን፣ የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ያረቀቀው ደግሞ ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ነው። ከዛሬ ተነሥቶ ገጹን የሚገልጥ ሰው እኩልነቱ የት እንደቆመ ለማየት ብዙ አይደክምም። ወንድ በ18፣ ሴት በ15 ዓመት ታገባለች። የቤቱ አለቃ ባል ነው፤ ሚስት ትታዘዘዋለች። ባልየው ሠራተኛ መቅጠር የማይችል ከሆነ የቤቱን ሥራ የመሥራት ግዴታዋ በአንቀጽ ሰፍሯል፤ ከፓሪስ የመጣ ሊቅ በአዲስ አበባ ጠረጴዛ ላይ እንጀራ ማን ይጋግር የሚለውን የወሰነበት አንቀጽ! በወንጀሉ ሕግ ደግሞ ሴት የጠለፈ ወይም የደፈረ ሰው ተጎጂዋ ፈቅዳ ካገባችው ክሱ ይቀርለት ነበር። ፈቅዳ የሚለው ቃል እንዴት እንደሚገኝ ጠለፋ በተለመደበት አገር ያደገ ሰው ያውቀዋል።

በዚሁ በ1949ኙ መጽሐፍ አንቀጽ 600 በተመሳሳይ ጾታ ሰዎች መካከል የሚፈጸምን የግብረ ሥጋ ግንኙነት ወንጀል አድርጎ በቀላል እስራት ቀጣ። ነገሩ በሁለት መልክ ይገርማል። አርቃቂው የመጣባት ስዊዘርላንድ እ.ኤ.አ. ከ1942 ጀምሮ ይህንኑ ድርጊት ለአዋቂዎች ከወንጀልነት አውጥታው ነበር፤ ስለዚህ ክልከላው ከአርቃቂው አገር የተቀዳ ነው ማለት አይቻልም። በሌላ በኩል የጥንቱ ፍትሐ ነገሥት በእንዲህ ያለው ነገር ላይ ከቀላል እስራት እጅግ የከበደ ቅጣት ያውቅ ነበር፤ ስለዚህ አዲሱ ሕግ ከነባሩ ቀለል ብሎ ነው የወጣው። ስለ ጋብቻ ግን አንዳችም ቃል የለም። አይቻልም ብሎ የሚጽፈው ሰው እንኳ አላስፈለገም፤ ማንም አልጠየቀም ነበርና።

ደርግ መሬቱን ወሰደ፣ ጋብቻውን ግን ብዙም አልነካውም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በሥራ ላይ እንዳለ መንግሥት ተለወጠ፣ አብዮት አለፈ፣ ጦርነት አለፈ። በጅማ ቡና አብቃይ ቀበሌዎች የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር ከሽማግሌዎቹ ጎን ተቀምጦ የባልና ሚስት ጠብ ይሰማ ጀመር፤ በልጃገረዷ ዕድሜ ላይ ግን ሕጉ ያኔም 15 ይል ነበር።

እውነተኛው ለውጥ የመጣው ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. ነው። አቶ ክፍሌ ወዳጆ የመሩት የሕገ መንግሥት ኮሚሽን ያዘጋጀው ረቂቅ በዚያ ቀን በጉባኤ ጸደቀ፤ ነሐሴ 15 ቀንም ሥራ ላይ ዋለ። ይህች አገር እንደ አዲስ የተመሠረተችበት ቃል የቱ ነው ቢባል የመግቢያው አንቀጽ ነው፤ ሕዝቦቿ ያለ ጾታ፣ ያለ ሃይማኖትና ያለ ባህል ልዩነት በእኩልነት ሊኖሩ ቃል ገብተዋል ይላል። አንቀጽ 25 ያንን ቃል ወደ ሕግ ያወርደዋል። ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ናቸው፤ በዘር፣ በብሔር፣ በቀለም፣ በጾታ፣ በቋንቋ፣ በሃይማኖት፣ በትውልድና «በሌላ አቋም» ልዩነት አይደረግባቸውም ይላል። አንቀጽ 34 ደግሞ ዕድሜያቸው የደረሰ ወንዶችና ሴቶች በዘር፣ በብሔር፣ በብሔረሰብ ወይም በሃይማኖት ሳይለያዩ የማግባትና ቤተሰብ የመመሥረት መብት እንዳላቸው፣ ሲጋቡም፣ አብረው ሲኖሩም፣ ሲፋቱም እኩል እንደሆኑ ይደነግጋል። የማንጆው ልጅ፣ የቀድሞ ባሪያ ልጅ፣ ከሌላ ሃይማኖት የምታገባ ልጅ ሁሉ በዚህ አንቀጽ ስር ይጠለላሉ። ለዘመናት የተዘጉት በሮች በአንድ ዐረፍተ ነገር ተከፈቱ ቢባል ግነት አይሆንም።

ለተመሳሳይ ጾታ ጥንዶች ግን በሩ በዚያው ዐረፍተ ነገር ቆመ። አንቀጽ 25ን ብቻ ያነበበ ሰው «ሌላ አቋም» ውስጥ ብዙ ነገር ሊያይ ይችላል፤ አንቀጽ 34 ግን ወንዶችና ሴቶች ይላል። ያም ቢሆን ወንዶች ከወንዶች አያገቡም ብሎ በግልጽ አልጻፈም። ይህ ክፍተት ወደፊት የሚነሣ ጭቅጭቅ ዘር ሆኖ ቀረ።

ይህ ሕገ መንግሥት በወጣ በሁለት ዓመት ሌላ የአፍሪካ አገር የራሱን ጻፈ። የደቡብ አፍሪካው ሕገ መንግሥት እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 10 ቀን 1996 ሻርፕቪል ላይ ሲፈረም ፈራሚው ኔልሰን ማንዴላ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1962 አዲስ አበባ ኮልፌ መጥቶ ወታደራዊ ትምህርት የወሰደው ማንዴላ። የዚያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 9 ልዩነት ሊደረግባቸው ከማይገቡት መካከል የጾታ ዝንባሌን በስሙ ጠራ። ከዚያ የሆነው የሕግ ቅደም ተከተል ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የሕገ መንግሥቱ ፍርድ ቤት፣ ዳኛ አልቢ ሳክስ በጻፉት ውሳኔ፣ ጋብቻን ለወንድና ለሴት ብቻ መተው የእኩልነትን ቃል እንደሚጥስ አስታወቀ። ፓርላማው ሕጉን እንዲያስተካክል የተሰጠው ጊዜ አንድ ዓመት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2006 ደቡብ አፍሪካ የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን የፈቀደች የመጀመሪያዋ የአፍሪካ አገር ሆነች። ሁለቱም ሕገ መንግሥታት ከአፈና አገዛዝ ማግስት የወጡ ናቸው፤ ሁለቱም መብትን ለማስፋት ነው የተጻፉት። በአዲስ አበባና በኬፕታውን መካከል ያለው ልዩነት በአንድ ሐረግ ላይ ነው የወደቀው፤ ያ ሐረግ ግን በአጋጣሚ አልገባም፣ በአጋጣሚም አልቀረም።

አዲስ አበባ በእነዚያ ዓመታት የተጠመደችበት ትግል ሌላ ነበር፤ ጥልቅም ነበር። በ1988 ዓ.ም. አካባቢ አርሲ ውስጥ የ14 ዓመቷ አበራሽ በቀለ ተጠለፈች፤ ልታመልጥ ስትሞክር ጠላፊዋን በጥይት ገደለችው። በወጉ መሠረት ሚስቱ ልትሆን የሚገባት ልጅ በነፍስ ግድያ ተከሰሰች። ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊና የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጠበቆች ቆሙላት፤ ራሷን ስትከላከል ያደረገችው ነው ተብላ በነፃ ተለቀቀች። ታሪኳ በኋላ «ድፍረት» የተባለው ፊልም መነሻ ሆኗል። የዚህ ሁሉ ጥያቄ አንድ ነበር፦ ሕገ መንግሥቱ እኩል ነሽ ካላት፣ የ1952ቱ መጽሐፍ ለምን ታዘዢ ይላታል?

መልሱ ሰኔ 27 ቀን 1992 ዓ.ም. መጣ፤ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213። የጋብቻ ዕድሜ ለሁለቱም 18 ሆነ፣ የቤት አለቅነት ተሰረዘ፣ ሀብቱን ሁለቱም በጋራ ያስተዳድራሉ። ይህ ለአዲስ አበባና ለድሬዳዋ ነበር፤ ክልሎች የየራሳቸውን ማውጣት ነበረባቸው። ኦሮሚያ በ1995 ዓ.ም. አወጣ፤ ሊሙ ሰቃና ጅማም በዚያ ገቡ። ግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው አዲሱ የወንጀል ሕግም ጠላፊው ካገባ ክሱ ይቅር የሚለውን ጣለው፤ ያለ ዕድሜ መዳርንም ቀጣ። በኋላ፣ ከሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ቁርባንም ሆነ ኒካህ፣ የገበራም ጋብቻ ቢሆን በወሳኝ ኩነት መዝገብ እንዲሰፍር ተደረገ። አባ ባጊቦ የሰጠውና የተቀበለው ሙሽራ ሁሉ ዛሬ ቢሆን ኖሮ ስሟንና ፊርማዋን በቅጽ ላይ ማስፈር ነበረባት፤ ለብዙዎቹም ዕድሜያቸው አይፈቅድም ነበር።

ያው አዲሱ የወንጀል ሕግ ግን አንቀጽ 600ን ወደ አንቀጽ 629 አሻግሮ አቆየው፤ ቅጣቱም ቀላል እስራት እንደሆነ ቀረ፣ ሁኔታው ሲከብድ በአንቀጽ 630 እስከ ዐሥራ አምስት ዓመት ጽኑ እስራት ይደርሳል። በጠለፋው ላይ ልማድን ያሸነፈው እኩልነት እዚህ ላይ አንድ ገጽ እንኳ አላስገለጠም።

ከዚያ ጭቅጭቁ ወደ አደባባይ ወጣ። በታኅሣሥ 2001 ዓ.ም. የኦርቶዶክስ፣ የካቶሊክ፣ የወንጌላውያንና የእስልምና መሪዎች አዲስ አበባ ተሰብስበው ግብረ ሰዶም በሕገ መንግሥቱ ጭምር እንዲከለከል ጠየቁ። በሌላው ሁሉ የማይስማሙ የሃይማኖት አባቶች በአንድ ወረቀት ላይ መፈረማቸው ራሱ ዜና ነበር። የጠየቁት ግን ቀላል ነገር አልነበረም። በሕገ መንግሥቱ ምዕራፍ ሦስት ያሉትን መብቶች ለመቀየር የክልል ምክር ቤቶች ሁሉ በድምፅ ብልጫ፣ የተወካዮች ምክር ቤትና የፌዴሬሽን ምክር ቤትም እያንዳንዳቸው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ መስማማት አለባቸው። አንቀጽ 34 እንዳለ ቀረ።

በኅዳር 2004 ዓ.ም. ዓለም አቀፉ የኤድስ ጉባኤ አዲስ አበባ ሊካሄድ ሲል የሃይማኖት መሪዎች በዚሁ ጉዳይ ጋዜጣዊ መግለጫ ሊሰጡ ተዘጋጅተው ነበር፤ የጤና ጥበቃ ሚኒስትሩ ካነጋገሯቸው በኋላ ተሰረዘ። በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ነገሩ ተጋግሎ መጣ። የይቅርታ አዋጅ ረቂቅ ግብረ ሰዶምን ይቅርታ ከማይደረግላቸው ወንጀሎች ተራ አስገብቶ ወደ ምክር ቤት ሊሄድ ሆነ፤ ለሚያዝያ 18 ቀንም ሰልፍ ተጠራ። መንግሥት ሁለቱንም አስቀረ። ቃል አቀባዩ አቶ ሬድዋን ሁሴን ወንጀሉ ያን ያህል ከባድ እንዳልሆነና ሰው እንደሚለው እንዳልተስፋፋ ለጋዜጠኞች ተናገሩ። የልማት ዕርዳታ የሚሰጡ መንግሥታት ስሜት በዚህ ውሳኔ ውስጥ ድርሻ እንደነበረው ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

በቀጣዩ ዓመት ሰኔ 19 ቀን 2007 ዓ.ም. የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ በመላው አገሪቱ መብት እንደሆነ በአምስት ለአራት ድምፅ ወሰነ። ዋሽንግተንና ሚኒያፖሊስ ላሉ ኢትዮጵያውያን ይህ የሩቅ ዜና አልነበረም፤ በሚኖሩበት አገር፣ ልጆቻቸው በሚማሩበት ትምህርት ቤት የደረሰ ሕግ ነው። ባሪያ በሕግ ማግባት የማይችልባት፣ ነጭና ጥቁር እስከ እ.ኤ.አ. 1967 ድረስ በብዙ ግዛቶች እንዳይጋቡ የተከለከለባት አገር፣ ሁሉም ሰው እኩል ተፈጥሯል ብላ የጻፈችውን የመመሥረቻ ቃሏን እንደገና አነበበችው። በሌላ ወገን ብዙ የሃይማኖት ሰዎቻችን ይህ ውሳኔ ሊመጣብን ነው የሚል ስጋታቸውን አጠናከሩ። በ2011 ዓ.ም. ቶቶ ቱርስ የተባለ የቺካጎ ድርጅት ላሊበላን ጨምሮ የኢትዮጵያ ጉብኝት ለግብረ ሰዶማውያን ማዘጋጀቱ ሲሰማ ቁጣው እጅግ ነደደ፤ ድርጅቱ የግድያ ዛቻ ደረሰብኝ አለ።

በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ሰላምና ጸጥታ አስተዳደር ቢሮ በሆቴሎች፣ በእንግዳ ማረፊያዎችና በመጠጥ ቤቶች ላይ እርምጃ እየወሰደ መሆኑን አስታወቀ፤ ሕዝቡም እንዲጠቁም ጥሪ አደረገ። በዚያው ወር ሃውስ ኦፍ ጉራማይሌ የተባለው በውጭ ያሉ ኢትዮጵያውያን የመብት ቡድን፣ በቲክቶክ የሚሰራጩ ቪዲዮዎች ሰዎችን ለጥቃት እየዳረጉ ነው ብሎ አቤት አለ። አንድ ነገር እዚህ ላይ መለየት ይገባል። ተመሳሳይ ጾታ ያላቸው ሰዎች ይጋቡ ወይስ አይጋቡ የሚለው የሕግ አውጪው ጥያቄ ነው፤ አብዛኛው ኢትዮጵያዊም በእምነቱ መሠረት መልሱን ያውቃል። ጎረቤት ጎረቤቱን ደብድቦ ለፖሊስ ይስጥ የሚለው ግን የጋብቻ ጥያቄ አይደለም፤ ያንን የሚያጸድቅ አንቀጽ በአንዱም ሕጋችን ውስጥ የለም።

ጋብቻ ከጥንት ጀምሮ አንድ ዓይነት ነበር የሚለው ክርክር በተለይ ከሰቃ ሲታይ አይጸናም። የንጉሥ ልጅ ወደ ካፋና ወደ ጉማ የተሰጠችበት፣ ባሪያ ጎጆው የፈረሰበት፣ የ15 ዓመት ልጅ በሕግ የተዳረችበት፣ የተጠለፈች ልጅ ለጠላፊዋ የተሰጠችበት ሁሉ በየዘመኑ ወግ ተብሏል፤ እያንዳንዱንም የሻረው በወረቀት የተጻፈ የእኩልነት ቃል ይዞ የቆመ ሰው ነው። አንቀጽ 34 ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ አልተሻሻለም። አንቀጽ 629ም በሥራ ላይ እንዳለ ነው።